የግራው ፔዳል

የግራ ፔዳሌ ረግፎ ዘንጉ ብቻ ከቀረ ሰነበተ፣
በብረት ጫፍ ስረግጥ ስረግጥ የጫማዬ ሶል ተከፈተ።
ከዓባይ ማዶ ተነስቼ እስከ መዝገብ ቤቱ ደጃፍ
አንዱ እግሬ በወግ ሲረግጥ ሌላው ሲያዳልጥ በጫፍ፤
ድልድዩ ላይ ስደርስማ፣ ነፋሱ ከሐይቁ ሲመጣ፣
ክራቫቴ ፊቴን ጋርዶ፣ ጉልበቴ ከቦታው ሊወጣ።

የእህቴ ልጅ ደስያለው፣ ለክለብ የሚጋልብ፣
«ጋሼ» አለኝ፣ «ዘመናዊ ነው እንጂ ማሰብ!»
አሮጌ ጫማውን ሰጠኝ፣ ከነሚቆለፍ ፔዳሉ፤
«ቀጭ ብሎ ይነክስልሃል፤ ጉልበትህ አይባክን ሁሉ።
ለመውረድ ተረከዝህን ወደ ውጭ ጠምዘዝ ነው፤ አለቀ።»
«አለቀ» ያለው ቃል ብቻ ጆሮዬ ላይ ተጣበቀ።

ጠዋት ቀጭ፣ ቀጭ አልኩና በረርኩ።
የዘንባባውን ጥላ አንድ በአንድ እየቆጠርኩ
ሁለት ባጃጅ ቀደምኩ፤ ሁለት! ሦስተኛውን ስቃረብ፣
ጊዮርጊስ አደባባይ ላይ አንድ አህያ ቆመ፣ ሊያስብ።

ፍሬን ያዝኩ። ብስክሌቱ ቆመ። እኔም እግር ላወርድ አሰብኩ፤
እግሬ ግን በሰው እጅ ነበር፤ ሳብኩት፣ ሳብኩት፣ ሳብኩ።
ቀስ ብዬ፣ እንደሚቆረጥ ባሕር ዛፍ፣
ወደ ግራ፣
ከነክራቫቴ፣ ከነሱፌ፣ ከጀመርኩት ሰላምታ ጋራ።
ማንጎ ሻጯ «እኔን!» አለች፣ ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና፤
ባለ ባጃጁ ግን አልሸፈነም፤ ሞተሩን አጠፋና
ተደላድሎ ሳቀ።
ወድቀንም አልተላቀቅንም፤ እኔና እሱ፣ አስፋልቱ ላይ፣
እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት፤ አንድ አልጋ፣ ሁለት ሰማይ።

ሽምብጥ ወረድኩ፣ ይርሳው ዘንድ፣ ከዋርካው ሥር ከሚጠግነው።
ጆንያውን ገለበጠልኝ፤ «ምረጥ እንግዲህ፤ ያለው ይህ ነው።»
አንዱ ብረት፣ ጥርሳም። «ይሄ ጫማ አያስመልጥም፤
ከሳትከው ግን ይልጥሃል፤ ቅልጥም ከሸንኮራ አይመርጥም።»
ሱሪውን ሰብስቦ አሳየኝ፣ ጠባሳ፣ መሰላል የመሰለ።
አንዱ ፕላስቲክ፣ ቀይ፣ ቀላል። «ለበጋ ነው» አለ፤
«ሰኔ ሲገባ ሳሙና ነው።»
ሦስተኛው ሰፊ፣ ባለ ጎማ፣ ከጡረተኛ ብስክሌት የተፈታ፣
የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃ ሲያመላልስ የኖረ ጠዋት ማታ፤
መሐሉ በሰው እግር ልክ ትንሽ ጎድጉዷል።
«ይሄን» አልኩት። «ታዲያስ! እሱ ያዋጣል፤
ስትረግጥ ይይዝሃል፣ ስትፈልግ ይለቅሃል።»

ሊያስርልኝ ጎንበስ ብሎ መፍቻውን ወደ ግራ አዞረ።
«ትፈታዋለህ እኮ!» ስል፣ ቀና ብሎ አየኝ፤ ለእኔ አፈረ።
«የግራው ጥርስ ተቃራኒ ነው፤ በግራ ነው የሚጠብቀው።
እንደ ቀኙ ቢሆን ኖሮ ረግጠህ ረግጠህ ነው የምታወልቀው።»
ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ሳስር፣ ሃያ ሁለት ዓመት ስጋልብ፣
ሁሉም ባንድ በኩል ብቻ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር፤ ሳላስብ።

ጫማው ቀረ።
የቢሮ ጫማዬን አየው፤ ሶሉ ቆዳ፣ እንደ መስታወት።
«በረባሶ ግዛ።» «በረባሶ አድርጌ ችሎት? ዳኛ ፊት?»
«ሸራስ?» «ሸራ ዝናብ ጠጥቶ እስከ ማታ ሲያስነጥሰኝ ሊውል?»
«ኮንጎ?» ዝም አልኩት። ዝም አለ። ሁለታችንም አየን ወደ ዓባይ ቁልቁል።
«እንግዲህ አውልቅ!» በካልሲ ጆንያው ላይ አቆመኝ፤ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ
አሮጌ ጎማ በሶሌ ልክ ቆረጠ፤ መታው፣ በማስቲሽ አደንዝዞ።
ከላይ የተወለወለ ጥቁር፣ ለዳኛ ሰላምታ የሚበቃ፤
ከታች ግን የብስክሌት ጎማ፣ ከነጥርሱ፣ ለሰኔ ጭቃ።

በማግሥቱ ዘነበ። ጣና ከነደሴቱ ጠፍቷል፤
አንድ ታንኳ ደንገሉን ታኮ፣ ቀዛፊው ላስቲክ ደርቧል።
ረገጥኩ፤ ያዘ።
አህያው ዛሬም እዚያው ነበር፣ ሐሳቡን ገና አልጨረሰ፤
ቆምኩ። እግሬ መሬት ደረሰ።

ረፋድ ላይ ወይዘሮ አትጠገብ መወልወያዋን ይዛ ቆመች፤
ከደጁ እስከ መዝገብ ቤቱ የታተመውን ጭቃ አጤነች፤
አንድ፣ ሁለት፣ ጥርስ በጥርስ።
«ማነው» አለች «ብስክሌቱን እየነዳ የገባው እዚህ ድረስ?»
እግሬን ከወንበሩ ሥር ሰበሰብኩ።
የአንድ የድንበር ክርክር መዝገብ ገልጬ፣ በጣም አነበብኩ።